«ትዕቢተኛ ሐር» ወይስ «ጣዎስማ ሐር»?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ባለፈው እትማችሁ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በወጣ አንድ ጽሑፍ ላይ «ትዕቢተኛ ሐር» የሚል ሐረግ አግኝቼ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ተርጓሚው የገጠማቸው «ፓቮናይን» የተባለው፣ እንግሊዞቹም ቢሆኑ ከስንት አንዴ የሚጽፉት ቃል መሆኑን ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አያዳግትም። ቃሉ «ፓቮ» ከሚለው የጣዎስ የላቲን ስም የወጣ ስለሆነ፣ የወፉን መንጎራደድ ብቻ ሳይሆን መልኩን፣ በተለይም ወዲያና ወዲህ ሲል የሚለዋወጠውን የአንገቱንና የላባውን ሰማያዊና አረንጓዴ ያመለክታል። ጨርቅ ሲገለጽበት ደግሞ ከመልኩ በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም።

ለኩራቱማ አማርኛ ጣዎስ መበደር አያሻውም። ይጀነናል፣ ይንጠባረራል፣ ይጎማለላል እንላለን፤ «ተኮፈሰ» የምንለውን ደግሞ ጣዎስ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ጫጩቶቿን ከምትጠብቅ ዶሮ ላባ ላይ ያገኘዋል። የቸገረን የቀለሙ ስም ነው።

በቅርቡ እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አንድ አውራ ዶሮ አነሣሁና «ጥቁር ነው፣ አልፈልግም» ብዬ መለስኩት፤ ጥቁር ዶሮ ይዞ ወደ ቤት መግባት ጎረቤትን ምን እንደሚያስጠረጥር አንባቢ ያውቃል። ሻጩ ምንም ሳይናገር ዶሮውን ወደ ፀሐይ አዞረው። ጅራቱ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ትንሽ ዘንበል ሲያደርገው ሐምራዊ ሆነ። «ታዲያ ጥቁሩ የታለ ጋሼ?» አለኝ። ጥቁር ብለው ውሸት፣ አረንጓዴ ብለውም ውሸት ሆነብኝ።

የጣዎስም ነገር እንዲሁ ነው። በላባው ውስጥ ሰማያዊ ማቅለሚያ የለም፤ ያለው ሜላኒን የተባለው፣ የሰውንም ጠጉር የሚያጠቁረው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በዓይን በማይታዩ ዘንጎች መልክ በሥርዓት ስለተደረደረ ብርሃኑን እየመረጠ ይመልሰዋል፤ የምናይበት አቅጣጫ ሲለወጥ ቀለሙም አብሮ ይለወጣል።

ገበሬዎቻችን ገብስ የመሰለውን ዶሮ «ገብስማ»፣ ዛጎል የመሰለውን «ዛጎልማ» ካሉ፣ ለዚህ ተለዋዋጭ ቀለም «ጣዎስማ» ብንል ከቋንቋው ሥርዓት አልወጣንም። «ጣዎሳዊ» የሚለው ደግሞ ጠባዩንም መልኩንም በአንድነት ለሚጠቅስ ጽሑፍ ይቆይልን። ስሙ ራሱ እንግዳ አይደለም፤ ከግሪኩና ከዐረብኛው ጋር የሚዛመድ ነው።

ጣዎስን ከትዕቢት ጋር ብቻ ማሰር ለአባቶችም አይመቻቸውም ነበር። በጥንታዊ የብራና ወንጌሎቻችን የአውሳብዮስ ሠንጠረዥ (የአራቱን ወንጌሎች ተመሳሳይ ክፍሎች የሚያመሳክረው) በሰፈረባቸው ገጾች፣ ከቅስቶቹ በላይ ከሚሣሉት አዕዋፍ መካከል ጣዎስ ይገኛል። ላባውን በየዓመቱ አራግፎ አዲስ ስለሚያበቅልና ሥጋው አይበሰብስም ይባል ስለነበር፣ የጥንት ክርስቲያኖች የትንሣኤ ምልክት አድርገውታል፤ የሰሜን አፍሪካው የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስም በካርታጎ ከተማ የቀረበለትን የጣዎስ ሥጋ አስቀምጦ እንደፈተነ ጽፏል።

ስለዚህ ሐሩ «ጣዎስማ ሐር» ተብሎ ቢታረም፣ አንባቢ ጨርቁ ማንን ንቆ እንደታበየ ሲያሰላስል ባልዋለ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር