ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በምሥራቅ ጎጃም፣ እኔ በማገለግልበት ደብር ባለፈው ወር ለአንድ አባት መቃብር ሲቆፈር የዕድር ልጆች ጽሑፍ ያለበት የድንጋይ ስባሪ አወጡ። ርዝመቱ ከክንድ አይበልጥም። «ዝ መቃብር ዘ» ይላል፤ እዚያ ላይ ተሰብሯል። «ይህ መቃብር የእገሌ ነው» ሊለን ነበር፣ እገሌ ግን የለም።

ስብራቱን በእጄ ዳስሼ አይቼዋለሁ። የድንጋዩ ሌላ ጎን በአፈር ብዛት ጠቁሯል፤ የተሰበረበት ገጽ ግን ነጭ ነው። ጥንት የተሰበረ ቢሆን አብሮ በጠቆረ ነበር። የሰበረው የዚያን ቀን ዶማ ነው፤ ስሙ ያለበት ግማሽም ሩቅ አልሄደም።

የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ድንጋዩ ወደ አንድ ሰው ቤት ተወስዶ በሽቦ ብሩሽ ተፈገፈገ፤ ፎቶ ላይ እንዲታይ ተብሎም ፊደሉ ውስጥ ከሰል ተሞላ። ልጆቹ በክፋት አላደረጉትም፣ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ነገር ግን «ዝ»ን ከ«ዘ» የምትለየው ቅጥያ ትንሽ ናት፤ አሁን አጠገቧ የብሩሽ ጭረት አለ። የፊደሉን አቀራረጽ የሚመረምር ሰው የመሮውንና የብሩሹን ጭረት መለየት ይቸገራል።

መንደሩ «የአክሱም ዘመን ነው» እያለ ነው። አንቸኩል። እስከ አክሱም ንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ እስከ 4ኛው መቶ ዓመት ድረስ ግእዝ የሚጻፈው ያለ አናባቢ ነበር፤ በኤርትራ ያለው የመጠራ ሐውልት ጽሑፍ እንደዚያ ነው። በእኛ ድንጋይ ላይ የ«ቃ» እግር ጎልቶ ታጥፏል፤ ይህ የአናባቢ ምልክት ነው። ስለዚህ ከዚያ የቀደመ ሊሆን አይችልም፤ ከዚያ ወዲህ ግን የትኛውም ዘመን ሊሆን ይችላል። ጎጃም የእቴጌ እሌኒ መርጡለ ማርያም የተጠረቡ ድንጋዮች ያሉባት አገር ናት፤ ድንጋያችን ክብር ለማግኘት የግድ አክሱማዊ መሆን የለበትም። ዘመኑን የሚነግረን ደግሞ ፊደሉ ብቻ አይደለም፤ በምን ያህል ጥልቀት ተገኘ፣ ከአጥንት ጋር ነበር ወይ፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነበር ወይ የሚለውም ጭምር ነው። ይህን አንድም ሰው አልመዘገበውም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ እንዲጠብቅ ያዛል። ለአግኚው ተገቢ ሽልማትም ይፈቅዳል። በዕድራችን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ቄሰ ገበዙና እኔ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሁለት ጊዜ ሄደን አመለከትን፤ «ባለሙያ ይላካል» ተባልን፣ እስካሁን የመጣ የለም።

አዘጋጅ ሆይ፣ ደብዳቤዬን በቶሎ እንዲያወጡልኝ የምለምነው ስለዚህ ነው። የሟቹ ዐርባ ሊወጣ 12 ቀን ቀርቶታል። በዐርባው መቃብሩ በሲሚንቶ ይታሰራል፤ ከጉድጓዱ የተረፈው አፈርም ከቅጥሩ ሥር እንደተቆለለ ነው፣ ለመደልደያ ይውላል። የሟቹ ልጆች ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ለምኛቸው እስከ ሥራው ቀን ድረስ ክምሩን ላለመንካት ተስማምተዋል። መቃብሩን ንኩ አልልም፣ ነውርም ኃጢአትም ነው። ክምሩን ግን ከሥራው ቀን በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው መጥቶ በወንፊት ይንፋው።

የደብሩ የግእዝ መምህር፣
ከምሥራቅ ጎጃም