ዕንቁን ላተረፋችሁልን የሆስፒታሉ ሠራተኞች በሙሉ፦ የምስጋና መልእክት

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከቀብር ወይም ከከባድ ሕመም በኋላ ነው። ይህኛው ግን በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ፣ ወፎችን፣ ጥንቸሎችንና በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳትን በሚያክም ሆስፒታል ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች፣ አንዲት ግራጫ በቀቀን አራት ሌሊት ሙሉ ስላስታመሙልን የተጻፈ ነው። «ለወፍ ይህን ያህል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ነገሩ በራሴ ቤት ባይደርስ ኖሮ እኔም ከባዮቹ አንዱ እሆን ነበር።

ዕንቁን የሰጡን ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት ናቸው። ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሲገቡ ይዘዋት መግባት አልተፈቀደላቸውም። የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን በሰው እጅ አርባ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ እንዲህ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው መተላለፍ የተለመደ ዕጣው ነው። እርሳቸው ፐርል ይሏት ነበር፤ እናቴ ትርጉሙን ጠይቃ ከተረዳች በኋላ ግን ዕንቁ ሆና ቀረች። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በአሮጊቷ ድምፅ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ትሰጠናለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በእናቴ ድምፅ «ኑ ቡና ጠጡ» ትላለች።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ እንግዶች ትጠብቅ ነበር። ቀኑ ደግሞ ኅዳር የሚታጠንበት ነው፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታ ካለፈ ወዲህ በዚያ ዕለት ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨስ ልማድ ሆኖ ኖሯል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደጅ ላይ ቆሻሻ ማቃጠል ከጎረቤት እንደሚያጣላ ከገባት ወዲህ እናቴ ልማዱን የምታደርሰው በእጣን ነው። የብረት ቡና መቁያችንን አንዲት የማኅበር ጓደኛዋ ተውሳው ስለነበር፣ ምግብ እንዳይዝ ተብሎ የተለበጠውን፣ ኖንስቲክ የምንለውን መጥበሻ ምድጃው ላይ ጣደችው። ቡናው ሳይገባበት ከአገር ቤት የበዓል ሰላምታ ስልክ ተደወለ፤ መጥበሻውም በከፍተኛ እሳት ላይ ባዶውን ቆየ። እኔ ከሥራ ስገባ ዕንቁ ከመቆሚያዋ ወርዳ የሽቦ ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽም ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል።

መጀመሪያ የደወልኩላቸው ሁለት የድንገተኛ ሕክምና ቦታዎች ወፍ እንደማያክሙ ነገሩኝ፤ ሁለተኛው ግን የእናንተን ስልክ ቁጥር ስለሰጠኝ ምስጋናዬ ይድረሰው። ስልኩን ያነሣው ወጣት ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ «ወጥ ቤት ውስጥ ምን ተጥዶ ነበር?» አለኝ። ጥያቄው ግራ ስላጋባኝ ለመመለስ ዘገየሁ። እርሱ ግን መልሴን ሳይጠብቅ ምድጃውን እንዳጠፋ፣ ዕንቁን ንጹሕ አየር ወዳለበት ክፍል እንዳወጣ፣ ውኃ በግድ እንዳላጠጣት፣ ጨርቅ አልብሼ በሞቀ መኪና እንዳመጣት፣ በመንገድም ከፍቼ እንዳላያት ነገረኝ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በእነዚህ መጥበሻዎች ላይ ያለው ፒቲኤፍኢ የተባለ ልባስ ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ እየጋለ ሲሄድ የሚለቀው ጋዝ ሰው ብዙም ሳያስተውለው በደቂቃዎች ውስጥ ወፍ ይገድላል። ያ ወጣት ሐኪም አይደለም፤ እንግዳ ተቀባይ ነው። ዕንቁን መጀመሪያ ያከማት ግን እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በር ላይ የቆየችን ባልደረባችሁ ቅጽ ሙሉ ሳትለን ዕንቁን ተቀብላ በቀጥታ ኦክስጅን ወዳለበት የመስተዋት ሳጥን አስገባቻት። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልነካትም። መርፌና ምርመራ እጠብቅ ስለነበር ቸል የተባለች መሰለኝ፤ ንዴቴም ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም። ተረኛዋ ሐኪም አጠገቤ ተቀምጠው ነገሩን ያስረዱኝ ያን ጊዜ ነው። ወፍ እንደ ሰው ደረትንና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የለውም፤ አየሩን በአብዛኞቹ ወፎች ዘጠኝ በሆኑ የአየር ከረጢቶች አማካይነት በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያሳልፈዋል፣ ወደ ውስጥ ሲስብም ሆነ ወደ ውጭ ሲያወጣ ሳንባው ንጹሕ አየር ያገኛል። በበረራ የሚያበረታው ይኸው አሠራር መርዙንም ከእኛ ይልቅ በፍጥነትና በብዛት እንዲወስድ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ትንፋሽ ያጠራትን ወፍ ጨብጦ መያዝ ደረቷ እንዳይንቀሳቀስ ስለሚከለክላት ብቻውን ሊገድላት ይችላል። «አሁን የምንሰጣት መድኃኒት አለመንካታችን ነው» አሉኝ። ስለ ተቆጣሁበት ፊት እዚህ ላይ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መረጋጋት ስትጀምር ማስታገሻ፣ የመተንፈሻ ቧንቧዋን የሚከፍት መድኃኒትና በጉም መልክ የምትተነፍሰው መድኃኒት ተሰጣት። ክብደቷ 432 ግራም ነበር። ከጤነኛ ወፍ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ደም ከሰውነቷ ክብደት አንድ በመቶ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ ለዕንቁ ይህ አራት ሚሊ ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ሐኪሟ ከዚያም በጣም አሳንሰው ጥቂት ጠብታ ብቻ ወሰዱ። በሌሊት ተረኛ የነበረው ረዳት በየሩብ ሰዓቱ በመስተዋቱ በኩል ትንፋሿን እየቆጠረ ይመዘግብ ነበር። ወረቀቱን በኋላ አሳይቶኛል፤ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ ነው፣ ቁጥሩም ወደ ንጋት እየቀነሰ ይሄዳል።

እናቴን በተመለከተ ያደረጋችሁትን ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የመዘገበው የለም። ሌሊቱን «እኔ ነኝ የገደልኳት» እያለች ነጋባት። በማግሥቱ ስትመጣ ከረዳቶቻችሁ አንዷ አጠገቧ ተንበርክካ፣ እኔ እያስተረጎምኩ፣ እንዲህ ያለው አደጋ በእነዚህ መጥበሻዎች ሲጠቀሙ ባደጉ ሰዎች ቤትም እንደሚደርስ ነገረቻት። የእኛ ዓይነት ታሪክ የያዙ ሰዎች በዚያው በር መግባታቸውን፣ አንዳንዶቹም ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን አልደበቀቻትም። ከዚያም ወደ መስተዋቱ ወስዳ «የምታውቀውን ድምፅ ትስማ፤ ቀስ ብለው ያናግሯት» አለቻት። ጥፋቱ የእናቴ እንዳልሆነ እዚህም ልጽፈው እወዳለሁ። ወፍ ያለበት ቤት ውስጥ ያንን መጥበሻ ገዝቼ ያስገባሁት፣ መመሪያውንም ሳላነብ የጣልኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ባደገችበት አገር የእንስሳት ሐኪም የሚመጣው ለከብት ነበር። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገብቶ በረት ሙሉ ሲያነጥፍ ከሽማግሌዎች አፍ ሰምታ ያደገች ናት፤ ያ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም ላይ መጥፋቱ የታወጀው በከታቢዎች ልፋት መሆኑንም ታውቃለች። ስለዚህ ሙያውን አክብራ ነው የመጣችው። በመጠባበቂያ ክፍላችሁ ያየችው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ምግብ አልበላ ያለች ጥንቸል በጃኬቱ ውስጥ አቅፎ ያለቅሳል፣ አጠገቡ ያለው ልጅ ደግሞ እንሽላሊት በፎጣ ጠቅልሎ ይዟል። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ካየቻቸው በኋላ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ለሰውየው ሰጠችው።

ሒሳቡ ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ነበር ብል ይህን የሚያነብ ወፍ አሳዳጊ ይታለላል። ሆኖም በሒሳብ ክፍል ያገኘናት ሴት ግምቱን በየቀኑ ከፋፍላ አሳየችን። ለዕንቁ ያን ዕለት የማይጠቅመውን አንድ ምርመራ ሐኪሟን አማክራ በራሷ ተነሣሽነት ሰረዘችልን፤ የቀረውንም በየወሩ እንድንከፍል አመቻቸችልን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የደወለው ትንፋሿን ሲቆጥር ያደረው ረዳት ነበር። ዕንቁ ከንጋት ጀምራ አንድ ነገር እየደጋገመች መሆኑን፣ በጆሮው የሰማውን ያህል በሕክምና ወረቀቷ ላይ መጻፉን፣ ግን ሕመም ይሁን ንግግር መለየት አለመቻሉን ነገረኝና አነበበልኝ፦ «ኑ-ቡና-ተቱ»። እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ በአማርኛ መረቀችው፤ እርሱም አንድም ቃል ሳይገባው እስክትጨርስ አዳመጣት።

ዕንቁ አሁን ቤቷ ናት። መጥበሻው ወጥቷል፣ ብረት መቁያውም ከተዋሰችው ጓደኛ ተመልሷል። እጣንና ከሰልም ለወፍ ሳንባ አይበጁም ስላላችሁን የቡናው ሥነ ሥርዓት ወደ ጋራዥ ተዛውሯል፤ በዚህ ብርድ እንግዶቻችን ካፖርታቸውን እንደለበሱ ነው የሚጠጡት። ለክትትል በምንመጣበት ቀን እናቴ ለሌሊት ተረኞችም የሚበቃ ድፎ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፤ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ለእንግዳ ተቀባዩ አስቀድማችሁ ብትነግሩልን ደስ ይለናል።