ድምፁ ሳይለይ ዕቃ አይቀየር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መካኒክ ነኝ። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና «ያጉረመርማል» ተብሎ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚመጣው፦ «ዲፈረንሻሉ አልቋል።» (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ጥርሳ ጥርስ ማለት ነው።) እስቲ ቀስ!

መጀመሪያ እየነዳችሁ ነዳጅ መስጫውን ልቀቁት። ድምፁ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ የሚለዋወጥ ከሆነ ዲፈረንሻሉን መጠርጠር ያስኬዳል። ካልተለወጠና ከፍጥነት ጋር ብቻ ከጨመረ ግን ወይ ጎማው ነው ወይ የጎማው ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ቀለበት)። ፈተናው ሁለቱን መለየት ነው። ገላጣ መንገድ ላይ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ስትይዙት ክብደቱ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ያኔ ጉርምርምታው ከጎላ የቀኙን ኩሽኔታ እዩ። አስፋልቱ ሲለወጥ ድምፁም አብሮ ከተለወጠ ጎማው ነው።

መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ቀጭ ቀጭ ካለ የፊት አክስል መገጣጠሚያ ነው። ሲዞር የሚይዘውና የሚንገጫገጭ ከሆነ ደግሞ የአራቱንም ጎማ ጥርስ ለኩ። ሦስቱን አሮጌ ትቶ አንዱን ብቻ አዲስ መግጠም እዚህ መኪና ላይ አይሠራም። ዙሪያቸው ስለሚለያይ የፊቱንና የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ያለ ዕረፍት ይታገላል። (ጎማ ሻጮች ይህን ለምን እንደማይናገሩ እንጃ።)

አንድ ነገር ግን አደራ። የፊቱን ብቻ በክሪክ አንስታችሁ ማርሽ አታስገቡ። መሬት የያዘው የኋላ ጎማ መኪናውን ገፍቶ ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል። ሞተሩን አጥፉ፣ የኋላውን በታኮ ያዙ፣ ጎማውን በእጃችሁ አሽከርክሩ።

አንባቢያችሁ