ርዕሰ መምህራንም ጠበቃ ይፈልጋሉ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዘመናችን ጉድ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። በሁለቱም ዓመት ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ከዚያ ስብሰባ ይጠራል። ርዕሰ መምህሩ ይነሳና «ለምን?» ይባላል። «መጽሐፍ ደርሶሃል ወይ? የፊዚክስ መምህር አለህ ወይ?» ብሎ የሚጀምር ሰብሳቢ ግን እምብዛም አላየሁም። ጎጃም ውስጥ መምህርም ሱፐርቫይዘርም ሆኜ ነው ያረጀሁት። በስብሰባ በኩል የቀረብኝ ነገር የለም።

ይህን የምጽፈው ለርዕሰ መምህራን ጥብቅና ልቆም ነው። ሰነፍ የለም አላልኩም። ቢሮውን ቆልፎ ከተማ የሚውል አለ። ወንበሩን በዝምድና ያገኘም አለ። እኔ የማወራው ስለሚበዙት፣ ሥራው ስለያዛቸው ነው።

የድጎማ ብሩን ነገር ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር እየተሰላ የሚሰጣቸው ድጎማ አለ። ጠመኔው፣ ወረቀቱ፣ የበር ቁልፉ ከዚያ ነው የሚገዛው። ሲገዛ ግን ከሦስት ሱቅ ማህተም ያለበት የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ይባላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሌብነትን ይከላከላል። ነገር ግን ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች የገበያ መንደር የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ቢገኝ አንድ ነው። እሱም ደረሰኝ የለው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ለአንድ ካርቶን ጠመኔ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይሄዳል። ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ባለሱቁ «ከኔ ለማትገዛው ለምን ማህተም አደርግልሃለሁ?» ይለዋል። ይመሽበታል፣ መኪና ያጣል፣ ያድራል። የአልጋውን ከኪሱ ይከፍላል። በዓመቱ ኦዲተር ይመጣና «ይቺኛዋ ደረሰኝ ላይ ቀኑ ተሰርዟል» ብሎ ይጽፍበታል።

አንድ የማውቀው ርዕሰ መምህር የትምህርት ቤቱን ማህተም በፌስታል ጠቅልሎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ነበር የሚዞረው። የቢሮው በር አይቆለፍማ! ቅዳሜ ገበያም ቢሄድ፣ ለቅሶም ቢደርስ ማህተሙ አብሮት ነው። ሚስቱ «ከኔ ይልቅ እሱን አቅፈህ ነው የምታድረው» እያለች ትስቅበት ነበር። እሱ አይስቅም። ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነዋ።

ይህ ሁሉ በደህና ጊዜ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው። ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነው ነበር። ለወራት የሞባይል ዳታ አልነበረም፤ ሪፖርት ግን «ዛሬውኑ ላክ» ይባል ነበር። አንዱ ትምህርት ቤቱን ክፈት ይላል፣ ሌላው ዝጋ ይላል። የመምህሩ ስም ከብዙ ስሞች አንዱ ነው። የርዕሰ መምህሩ ግን በሩ ላይ ተጽፏል። የታሰሩ አሉ፣ የተገደሉም አሉ። ከዚህ ተርፎ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ የሚያሰቅለውን ሰውዬ «እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?» ያለው ማነው? ጨጓራና ደም ግፊት በሙያው የተለመደ ነገር ተደርጎ ቀርቷል። አውስትራሊያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ርዕሰ መምህራንን ስለ ጤናቸው፣ ስለ ሥራ ጫናቸው፣ ስለሚደርስባቸው ዛቻ ይጠይቃሉ። የኛ ቅጽ የሚጠይቀው ስንት ዴስክ ተሰበረ ብሎ ነው።

ሥልጠናውንም እንየው። በዚሁ በጎጃም፣ ዲማም በሉት ዋሸራ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ ከመሬት ተነስቶ የኔታ የሚሆን የለም። ቅኔ ይቆጥራል፣ ይዘርፋል፣ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያግዛል። መምህሩ አይቶ፣ ፈትኖ፣ መርቆ ይሸኘዋል። የኛ ርዕሰ መምህር ግን ዓርብ ሒሳብ ሲያስተምር ውሎ ሰኞ የምደባ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ርክክብ ማለት ቁልፍና ንብረት መቁጠር ነው። የትኛው መምህር ከየትኛው ጋር እንደማይነጋገር፣ የትኛው ወላጅ ልጁን ለሥራ እንደሚያስቀር፣ ማንም አይነግረውም።

ምንም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። በክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የትምህርት ቤት አመራር የተማሩ አሉ። ትምህርት ሚኒስቴርም መምህራንና የትምህርት ቤት አመራሮችን በክረምት በየዩኒቨርሲቲው ሰብስቦ አሰልጥኗል። ደግ ነው። ነሐሴ ላይ አዳራሽ ውስጥ የሰማኸው ግን ጥር ላይ ሁለት መምህራን ሲደባደቡብህ አይደርስልህም። የሚደርስልህ የጎረቤት ርዕሰ መምህር ነው። ለዚህ አዲስ መዋቅር፣ አዲስ በጀት አያስፈልግም። አጎራባች ትምህርት ቤቶችን የሚያሰባስቡ የጉድኝት ማዕከላት አሉልን። አሁን ርዕሰ መምህራኑ የሚገናኙት በአብዛኛው ሪፖርት ለማጠናቀር ነው። በወር ግማሽ ቀን ያለ ወረዳ ኃላፊ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ ቢገናኙ ምን ይጎድላል? አንዱ የሌላውን ትምህርት ቤት ዞሮ ይይ፤ የቸገረውን ያውራ። እኔም ሱፐርቫይዘር ሳለሁ ሞክሬው ነበር። ቡና አስፈልተን እናወራለን። «ቼክሊስቱ ባዶ ነው» ተብዬ ተገስጬበታለሁ። አሁንም አይቆጨኝም።

የሚናገርላቸው ማጣታቸው ግን ከሁሉ የከፋ ይመስለኛል። የኢትዮጵያ መምህራን ማህበር ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ርዕሰ መምህሩም መምህር ነውና ማህበሩ የሱም ነው። ታዲያ መምህርና ርዕሰ መምህር ሲካሰሱ ማህበሩ ከማን ጎን ይቁም? ርዕሰ መምህሩ ከወረዳው ጋር ሲጋጭስ? እንዲህ ያለው ሰው መሀል ላይ ነው የሚቀረው። ጎረቤታችን ኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች የራሳቸው ማህበር አላቸው። በየዓመቱ ሞምባሳ ላይ ይሰበሰባሉ። የመንግሥት ባለሥልጣናትም ይገኛሉ፤ የትምህርት ቤቶች ገንዘብ ለምን ዘገየ የሚለው ጥያቄ እዚያ ፊት ለፊት ይነሳል። እኛ ሞምባሳ ባይኖረን ጣና አለልን። በመምህራን ማህበሩ ውስጥ የርዕሰ መምህራን ክፍል በየዞኑ ቢቋቋም ለጊዜው ይበቃል።

ያ ክፍል ቢኖር ምን ይጠይቅ? በኔ በኩል ሦስቱን ልበል። ርዕሰ መምህር ከቦታው ከመነሳቱ በፊት መልሱ በጽሑፍ ይደመጥ። አንድ ሱቅ ብቻ ላለበት ቀበሌ የግዢው አሠራር ይላላ። ደከመኝ ያለ ደግሞ «ወረደ» ሳይባል፣ ሰው ሳይጠቋቆምበት ወደ ክፍሉ ይመለስ። ስንት ጎበዝ የሒሳብ መምህር ነው በዚህ ወሬ ፈርቶ ከማይወደው ወንበር ላይ የተጣበቀው!

የሴት ርዕሰ መምህራን ነገር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ገጠር መመደቡ፣ አመሻሽ ላይ ስብሰባው፣ «ሴት ታዝዘናለች ወይ?» የሚለው መምህር። እኔ ከዳር ሆኜ ከምጽፈው በወንበሩ ላይ ያለች አንዷ ብትጽፍላችሁ ይሻላል።

አንድ ጡረተኛ ሱፐርቫይዘር
ከምሥራቅ ጎጃም