አዲሱ ቤት ለማን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከደቡብ ወሎ የምጽፍላችሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ስለ ገጠር ኮሪደር፣ ማለትም በየገጠሩ ስለሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች፣ ያወጣችሁትን ዜና ቡና ላይ ለጎረቤቶቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሰውና ከብት ተለይቶ የሚያድርበት ቤት፣ ንጹህ ማድ ቤት፣ ባዮጋዝ። ደስ ይላል። አንዲት እናት ግን «መልካም ነው መምህር፤ ማን ሊኖርበት?» አሉኝ። ሁለቱ ልጆቻቸው ጅዳ ናቸው፤ ሦስተኛው አዲስ አበባ ሲሚንቶ ይሸከማል።

በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ዕድሜው 18 የሞላና በግብርና መተዳደር የሚፈልግ ሁሉ መሬት የመጠቀም መብት አለው ይል ነበር። (ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት እኔው ነኝ!) ተማሪዎቼን የጠበቃቸው ግን የአባታቸው ሁለት ጥማድ ነው፤ እሱም ለአራት ወንድማማች። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅ አምስቱ ተደራጅተው በግ ለማደለብ ዕቅድ ጻፉ፤ እኔ አረምኩላቸው። «መጀመሪያ የማደለቢያ ቦታ አሳዩ» ተባሉ። ቦታ ቢኖራቸው መቼ ደጅ ይጠኑ ነበር! ሦስቱ በጅቡቲዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በኦቦክ አድርገው የመን ተሻገሩ።

ቤቱ ይሠራ፣ አልጠላሁም። ግን ከቀበሌያችን በታች በጋ ከክረምት የሚፈስ ወንዝ አለ። በትንሽ ፓምፕ ሽንኩርት ቢለማበት ያቺው ሁለት ጥማድ በዓመት ሁለቴ ታበላለች። ቀያሽ መጥቶ ችካል ተክሎ ሄዶ ነበር። ችካሉን ምስጥ በላው። እስቲ በሚቀጥለው ዜናችሁ ስለዚህ ውሃ ጠይቁልን።

ጡረተኛው መምህር፣ ከደቡብ ወሎ