ልጆቹን ይዘሽ ጅሬን ስትወጪ

ጅማ፣ ታኅሣሥ

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴን ይቅር በይኝ፤ አንድም ቀን አልረሳሁሽም። በጥር የትምህርት ዕረፍት ልጆቹን ይዘሽ ጅማ ልትመጪ መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ እንግዲህ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቤተ መንግሥቱን፣ ሙዚየሙንና ገበያውን በአንድ ቀን ለማዳረስ አታስቢ። የ4 ዓመት ልጅ እኩለ ቀን ሲደርስ ይደክማታል፤ ከዚያ በኋላ የምታሳያት ሁሉ ለቅሶ ነው። የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብቻውን ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጅሬን ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። በጠዋት ውጡ። የጥር ማለዳ ጅማም ይበርዳልና ሹራብ ደርቢላቸው፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ስለሚበረታ ኮፍያና ውኃ ያዢ። የሕፃን ጋሪ አታምጪ፤ አቀበቱና ደረጃው አይመቹትም፤ ትንሿን ማዘል ይሻላል። ከባጃጁ ጋር ደርሶ መልሱን ከነመጠበቂያው አስቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ያለዚያ የደከመ ልጅ ይዘሽ ላይ ቆመሽ ትቀሪያለሽ። ክፍት መሆኑንም በዋዜማው አስጠይቂ።

ግቢው ስትደርሱ ታሪኩን ከዓመተ ምሕረት አትጀምሪላቸው። ከፈረሱ ጀምሪ። «ጅፋር» የፈረስ ስም ነው፤ በኦሮሞ ባህል ንጉሥ በጦር ፈረሱ ስም «የእገሌ አባት» ተብሎ ይጠራ ነበር። ትልቁ ልጅሽ ወዲያው ለራሱ ፈረስ ስም ማውጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ማዳመጥ ጀመረ ማለት ነው። ቀጥለሽ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ገና ጎረምሳ ሳሉ መንገሣቸውን፣ እስከ 1932 መቆየታቸውን ንገሪው። ለአፄ ምኒልክ ገብረው በመስማማታቸው ጅማ ከጦርነት ጥፋት መትረፏ ለሰባት ዓመት ልጅም ይገባዋል፦ ተጣልቶ ከማጣት ተስማምቶ ማቆየት።

ውስጥ ሲገባ ሥራ ስጪው፤ የእንጨቱን ቅርጻ ቅርጽ ዓይነት ይቁጠር፣ አንዱን በደብተሩ ይሣል። ቤቱ ያረጀ የእንጨት ሥራ ስለሆነ መሮጥና መደገፍ ይጎዳዋል፤ ሰገነቱ ላይ የትንሿን እጅ አትልቀቂ። በአቅራቢያው መስጊድ ስላለ ነጠላሽን ያዢ፤ በጸሎት ሰዓትም ልጆቹ ድምፃቸውን ይቀንሱ።

ሙዚየሙን ለሌላ ቀን ተዪው፤ የንጉሡ ዕቃዎች እዚያ ስላሉ ቤቱን ካዩ በኋላ ይጥማቸዋል። የሂርማታን ገበያ ግን ሐሙስ አትሂጂ፤ ግፊያው ለሕፃን አይሆንም። በሌላ ቀን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ግዢላቸው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ መሆኑን አገላብጠሽ እዪ፤ ከመጠኑ በላይ ከከበደ እንጨቱ አልደረቀም፣ አዲስ አበባ ደርሶ ይሰነጠቃል። መቀመጫው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካየሽ ተዪው። ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ ሦስት እግር አይወዛወዝም፤ ትልቁ በአራት እግር ወንበር አስተያይቶ ምክንያቱን ይፈልግ።

ቦዬ ወደሚባለው ረግረግ ጉማሬ ለማየት ከሄዳችሁ ከውኃው ራቅ በሉ፤ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ ሳይጨልም ተመለሱ።

የምትነሡበትን ቀን ላኪልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ በጣም ናፍቀሽኛል።

ያንቺው