ደብዳቤ ለልጄ፦ የአንድ ሌሊት ግጥም

ጎንደር፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዝናቡ ገና አልወጣ ብሎ የማሲንቆዬ ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ በላላበት ቀን ስለ ነበር፣ ያነበብሁት ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ ማሲንቆውን ከእሳቱ አስጠግቼ እያሞቅሁ ነው። «አባዬ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ያወጣሃቸው ግጥሞች ሳይቀረጹ መቅረታቸው አይቆጭህም ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ጮክ ብዬ ሳነብላት እናትሽ ሳቀችና «ላልተከፈለው ገንዘብ ይቆጨው ይሆናል እንጂ ለግጥሙማ መች ተቆጭቶ ያውቃል» አለች። የእሷ መልስ ይበቃ ነበር። ሆኖም አንቺ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተሽ እኔ ከአባቴ እጅ እያየሁ የለመድሁትን ማሲንቆ በኖታ የምትማሪ ልጅ ስለሆንሽ፣ ከዚህ የአዝማሪነት ሥራ ያገኘሁትን ደስታ በሥርዓቱ ልጽፍልሽ ይገባኛል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ቀርቶ አዲስ አበባ ሌሊቱን መዝናናት በጀመረችበት ጊዜ፣ ካዛንቺስ ውስጥ የአዝማሪ ቤቶች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። እናትሽና እኔም ከጎንደር ሄደን ከአንዱ ቤት ተቀጠርን። ሠላሳ ሰው የማይዝ ጠባብ ክፍል ሆኖ ሳለ ሌሊት ሌሊት ስልሳ ሰው ይገባበት ነበር። ዛሬ የዚያ ሰፈር አብዛኛው ፈርሷልና ብትሄጂም በሩን ላሳይሽ አልችልም። አንድ ማታ አንድ ጎልማሳ ሰው ከጥግ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን ብርሌ ሳይነካ ረጅም ሰዓት ቆየ። ሰዉ እየሳቀ፣ እናትሽ እስክስታውን እያስነካችው፣ ያ ሰው ግን ዝም እንዳለ ነው። ወደ እኩለ ሌሊት ግድም በድንገት እጁን አነሣና «ተቀበል!» አለኝ።

የዚህን ወግ ታውቂዋለሽ። እንግዳ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪ ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ሰውየው ግን ግጥም አልነበረውም። «ቤቱ ጠበበን እያልሁ ከባለቤቴ ጋር ስጨቃጨቅ ኖርሁ… አሁን ግን…» ብሎ ቆመ። ከዚያ በላይ አልወጣለትም። እኔም ደጋኑን ረዘም አድርጌ ሳብሁት። (አዝማሪ ማሲንቆውን ረጅም ሲያስለቅሰው እንግዳው ልቡ የተነካ ይመስለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ግጥሙ አልመጣለት ብሎ እያሰበ ነው።) ከዚያም በትዝታ ቅኝት እንዲህ ብዬ መለስሁለት፦

ቤቱ ጠበበ ስል ስነታረክ ኖሬ፣
አንቺ ከሄድሽማ ሜዳ ሆነ ዛሬ።

ክፍሉ ጭጭ አለ። ሰውየው አጠገቡ ወደ ተቀመጠው፣ ወደማያውቀው ሰው ዞሮ «እሱን ነው ያልሁት» አለው። እኔ ገጠምሁት ብሎ እያስመሰለ አልነበረም፤ ከልቡ ያንኑ ቃል በቃል የተናገረ መስሎት ነው። ብር ከግንባሬ ላይ አልለጠፈም፣ ሲወጣ ግን በሁለት እጁ ጨብጦኝ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያም አላየሁትም። ልጄ፣ ስለ ደስታ ከጠየቅሽኝ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ «እሱን ነው ያልሁት» ከሚለው ቃል የሚበልጥ ሽልማት አላገኘሁም። ግጥሟንም ለሌላ ሰው ዘፍኛት አላውቅም፤ የእሱ ነበረችና። አሁንም የምጽፍልሽ እንድታውቂያት ብዬ ነው እንጂ እንድትዘፍኛት አይደለም።

ሁሉም ሌሊት እንደዚያ የሚያሳዝን እንዳይመስልሽ። አንድ ነጋዴ ደንበኛ ነበረን፤ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከሁሉ በላይ ያጨበጭባል፣ ኪሱ ግን አይከፈትም። አንድ ቀን ከፊቱ ተንበርክኬ፣

ሰው በዛ ይሉኛል እኔ ብቸኛ ነኝ፣
እባክህ ና ቶሎ ወዳጄ ግባልኝ።

አልሁት። ሰሙ እንደሚመስለው ጓደኛን ወደ ቤት መጥራት ነው። ወርቁ ግን «ወዳጄ» ከሚለው ውስጥ «ወደ እጄ» የሚለውን ለሰማ ሰው ነው፤ የምለምነው ሰውየውን ሳይሆን በኪሱ የተኛውን ብር ነበር። መጀመሪያ የገባት አስተናጋጇ ነች፤ ትሪዋን እንደያዘች ሳቀች። ቀጥሎ ጓደኞቹ ገባቸው። እሱ መጨረሻ ላይ ሲገባው ከማንም በላይ ስቆ፣ መቶ ብር አውጥቶ በምራቁ አርሶ ግንባሬ ላይ ለጠፈው። ሳቅ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እንደ እሳት ሲዛመት ቆሞ ማየት፣ ማን ቀድሞ እንደገባው ማን እንደዘገየ ፊቱን እያዩ መለየት፣ ይህ ከጠጅ ይበልጥ ያሰክራል። እንዲህ ቁጭ ብዬ ሳብራራው ግን ወዙ ሁሉ እንደሄደ አንቺም ሳታስተውይው አትቀሪም። ስለዚህ ነው ባለመቀረጹ የማይቆጨኝ። የግጥሙ ግማሽ የእኔ ነው፤ ግማሹ ግን የዚያ ነጋዴ ኪስና የአስተናጋጇ ሳቅ ነበር፤ እነሱን በምን እቀርጻቸዋለሁ?

የእናትሽንም ድርሻ ልንገርሽ፤ እኔ ብቻ የተመሰገንሁበት ብዙ ሥራ የእሷ ነውና። እንግዳ ገና በር ላይ ሳለ ስሙን፣ አገሩን፣ የልጆቹን ስም ከአስተናጋጁም ከሹፌሩም ጠይቃ ታገኝና እየጨፈረች ስታልፍ በጆሮዬ ሹክ ትለኛለች። ከደቂቃ በኋላ የሰውየውን አያት አገር በዜማ ሳነሣለት «ይህ ሰው ነቢይ ነው እንዴ?» ይላል። ጠዋት ላይ ጉሮሯችን ተዘግቶ፣ ሻይ ፉት እያልን የሌሊቱን ስንከልስ የምንስቀው ሳቅ ደግሞ ለብቻው ነው። ትዳራችን የቆመው በዚያ የጠዋት ሻይ ይመስለኛል።

ሥራው ክብር የሚያሳጣበት ጊዜ የለም አልልሽም። አዝማሪ መሆናችንን ሰምቶ ቤት ያላከራየን ሰው ነበር፤ ትምህርት ቤት ሳለሽም አንቺ ራስሽ በአባትሽ ሥራ ተሰድበሽ ያለቀስሽበትን ቀን አልረሳሁትም። «አዝማሪ» የሚለው «ዘመረ» ከሚለው ግእዝ የወጣ፣ ለመዝሙር ወንድም የሆነ ቃል መሆኑን ያን ቀን ብነግርሽ አያጽናናሽም ነበር። አሁን ግን ለትምህርትሽም ይረዳሻል።

ስለ አያቴም ሳልነግርሽ አልቀርም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር እየተለቀሙ እንዲገደሉ መታዘዙ በታሪክ የተጻፈ ነው። አያቴ ማሲንቆውን ጎተራ ውስጥ እህል አልብሶ ቀበረው፤ ግጥሙን ግን የሚቀብርበት ጎተራ አላስፈለገውም። ማታ በሩን ዘግቶ፣ ያለ ማሲንቆ፣ በሹክሹክታ ለቤተሰቡ ይለው ነበር። ጎተራው በተከፈተ ጊዜ ጭራውን ብል በልቶት ተገኘ። ይህን ሲነግረኝ አንድም ቀን በኀዘን ነግሮኝ አያውቅም፤ ያን ሁሉ ጦር ያስፈራ ነገር በእሱ አፍ ውስጥ ስለ ነበረ ይኮራበት ነበር።

ይሁንና አንቺንም ሙሉ በሙሉ አልቃወምሽም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ሆነው በሸክላ ያስቀረጹትን ድምፅ ባለፈው በስልክሽ ያሰማሽኝ ጊዜ፣ ከሞቱ ስንት ዘመን የሆናቸው ሰው ድምፅ ከነማሲንቆው ጓዳችን ውስጥ ሲሰማ ፀጉሬ ቆሞ ነበር። ያ ሸክላ ባይኖር ይህ ደስታ አይኖርም። እንግዲያው መቅረጽ ከፈለግሽ ቅረጪኝ፤ ነገር ግን ግድግዳው ስፖንጅ በለበሰ ክፍል ብቻዬን አታስቀምጪኝ። ሰው ባለበት፣ ብርሌው እየተጋጨ፣ አንዱ «ተቀበል» እያለ፣ ሌላው እያቋረጠ ቅረጪ። ድምፁ ቢበላሽም ግድ የለም።

«እኔ በቅጽበት ግጥም ማውጣት አልችልም» ያልሽው ደግሞ አላሳሰበኝም። እኔም በአንቺ ዕድሜ አልችልም ነበር። አባቴ የሚያወጣውን እየሰረቅሁ ስንት ሠርግ እንዳለፍሁ አታውቂም፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም የሙሽራዋን ስም ስቼ የሚዜዋን ስም አስገብቼ ከዳስ ልባረር ምንም አልቀረኝም። መጀመሪያ ሰውን መስማት ልመጂ። ግጥሙ አብዛኛውን ጊዜ ከሰውየው አፍ ሳይጨረስ ወጥቶ ታገኚዋለሽ፤ የአንቺ ሥራ መጨረስ ነው። በእኔ ጊዜ ሴት ትዘፍናለች እንጂ ማሲንቆ አትይዝም ነበር። አንቺ ሁለቱንም መያዝሽን ሳስብ፣ እናትሽ ይህን ዕድል ብታገኝ ኖሮ እኔ ዛሬ ከበሮ መቺ ነበርሁ እላለሁ።

በጥር የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ አለ። የጠየቅሽውን የፈረስ ጭራ መርጬ፣ አጥቤ፣ በወረቀት ጠቅልዬ በሚመጣው ሰው እልክልሻለሁ፤ በሙጫ በደንብ አሽተሽ ቃኝው። ለሠርጉ ማሲንቆሽን ይዘሽ ነይ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አጨበጭባለሁ፣ አንቺ ትመቺያለሽ፤ እናትሽም የእንግዶቹን ስም ከአሁኑ መሰብሰብ ጀምራለች።

አባትሽ